«ሪህ ነው» ከማለታችን በፊት
ስለ እጅና ስለ እጅ አንጓ መገጣጠሚያ ሕመም
(ከ3ኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ)

ይህችን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የአክስቴ እጅ ነው። አክስቴ (እኛ ቤት «እቴቴ» ነው የምንላት) እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው ያሳደገችኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት ለዕረፍት ቤት ሄጄ ሳለ፣ ጠዋት ጠዋት ምጣዱን ከመጣዷ በፊት እጇን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክራ ስትቀመጥ አየኋት። «ምን ሆነሽ ነው?» ስላት «ብርድ ነው መሰለኝ፣ ጣቶቼ አልታጠፍ ይሉኛል። ረፋድ ላይ ይለቀኛል» አለችኝ። እኔም አንደኛ ዓመትን ገና ጨርሼ፣ ነጭ ጋዋን ከገዛሁ ዓመት ሳይሞላኝ፣ እንደ ትልቅ አዋቂ ኮስተር ብዬ «ሪህ ይሆናል፣ ሥጋ ቀንሺ» አልኳት። እሷ ሥጋ የምትቀምሰው በዓመት በዓል ብቻ መሆኑ እንኳ ትዝ አላለኝም።

«ሪህ» እንግዲህ በአማርኛ ሰፊ ቃል ነው። ጉልበት ቢያም ሪህ፣ ወገብ ቢይዝ ሪህ፣ ጣት ቢያብጥ ሪህ። አንዳንዱ «ቁርጥማት» ይለዋል፣ አንዳንዱ «ብርድ መታኝ» ይላል። ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም፣ ሐኪም አይደለምና። የሚያስተዛዝበው እኛም ጋዋን የለበስነው እንደዚያው ማለታችን ነው። በሕክምናው ቋንቋ ሪህ ወይም ጎውት የሚባለው አንድ የታወቀ በሽታ ነው። ዩሪክ አሲድ የሚባለው ነገር በደም ውስጥ ሲበዛ እንደ መርፌ የሾሉ ጥቃቅን ክሪስታሎች ይሠራና መገጣጠሚያ ውስጥ ይከማቻል። ብዙውን ጊዜ ከእግር አውራ ጣት ይጀምራል፣ ሌሊት ድንገት ይነሳል፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው ያስጮኻል። የሚበዛው በወንዶች ላይ ሲሆን፣ ሴቶችን የወር አበባ ከመቋረጡ በፊት እምብዛም አይነካም። እጅንና አንጓን አይዝም ማለቴ አይደለም፣ ይይዛል። ነገር ግን የአንዲት ጎልማሳ ሴት የሁለቱም እጆች ጣቶች እኩል አብጠው ለወራት ሲቆዩ «ሥጋ ተዪ» ማለት የሌላ ሰው ቤት ማንኳኳት ነው።

የታመመው የትኛው ክፍል ነው?

አንድ እጅ ከነአንጓው 27 አጥንቶች አሉት። ከነዚህ 8ቱ አንጓው ላይ እንደ ጠጠር በሁለት ረድፍ የተደረደሩ ትንንሽ አጥንቶች ናቸው። ሁለት አጥንት በተገናኘበት ቦታ ሁሉ ጫፎቹን የሚሸፍን ለስላሳ ልም አጥንት አለ። መገጣጠሚያውን ከውስጥ የሚለብጥ ስስ ሽፋን ደግሞ አለ፤ ይሄ ሽፋን እንደ እንቁላል ነጭ የሚያዳልጥ ፈሳሽ እያመነጨ መገጣጠሚያውን ያለሰልሳል። ይሄን ሁለት ነገር የያዘ ሰው የቀረውን ለመረዳት አይቸገርም፤ ምክንያቱም እጅን የሚያጠቁት ሁለቱ ዋና ዋና የመገጣጠሚያ ሕመሞች የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አንደኛው የሚጀምረው ከልም አጥንቱ ነው፣ ሁለተኛው ከሽፋኑ።

ከልም አጥንቱ የሚጀምረው ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ ልም አጥንቱ ይሳሳል፣ ይሻክራል፣ ከሥሩ ያለው አጥንትም ራሱን ለመጠገን ሲታገል ጠርዙ ላይ ጉጥ ያወጣል። እጅ ላይ የሚወዳቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ወደ ጥፍር የሚጠጋው የጣት መገጣጠሚያ፣ የመካከለኛው መገጣጠሚያና የአውራ ጣት ሥር። ሴት አያቶቻችን ጣት ላይ ጥፍሩ አጠገብ የምናየው ደረቅ ጉጥ እሱ ነው። በዘር ይሄዳል፣ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ይብሳል። ይሄን ጉጥ በደንብ የገለጸው ሄበርደን የሚባል የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆን፣ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ1802፣ እሱ ከሞተ በኋላ በታተመው መጽሐፉ ውስጥ ይህ ጉጥ ከሪህ ጋር ግንኙነት እንደሌለው ጽፎ ነበር። ከ200 ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው፤ እኔ ግን የዛሬ ሁለት ዓመት ሁሉንም «ሪህ» እል ነበር!

(እግረ መንገዴን፦ ዶርም ውስጥ ጣቱን እየሳበ «ቋ» የሚያደርግ ጓደኛ ያለው ሁሉ «በኋላ ቁርጥማት ይይዝሃል» ሲባል ሰምቷል። ዶናልድ አንገር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ለ50 ዓመት ያህል የግራ እጁን ጣቶች ብቻ በየቀኑ «ቋ» እያደረገ፣ የቀኙን ሳይነካ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ሁለቱን እጆቹን አወዳድሮ ጻፈ። የትኛውም እጁ ላይ በሽታው አልነበረም። በ2009 ለቀልደኛ ምርምሮች የሚሰጠውን ኢግ ኖቤል ሸልመውታል። የአንድ ሰው እጅ ማስረጃ አይሆንም የሚል ቢኖር እስማማለሁ፤ ትዕግሥቱን ግን አደንቃለሁ።)

ሁለተኛው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1859 ያወጣለት ጋሮድ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። ይህ በሽታ የእርጅና አይደለም። ከበሽታ ሊጠብቀን የተሠራው የሰውነታችን መከላከያ አቅጣጫ ይስትና የራሱን ሰው መገጣጠሚያ ሽፋን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ እንደ ሐረግ እየተሳበ ልም አጥንቱ ላይ ይወጣና ልም አጥንቱንም አጥንቱንም እየበላ ይሄዳል። በዓለም ላይ ከአንድ መቶ ጎልማሳ አንድ ወይም ከዚያ ያነሰ ሰው ይይዛል፤ ከወንድ ይልቅ ሴትን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል፤ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሰው ሠርቶ በሚያድርበት ዕድሜ ነው። ሲጋራ ማጨስ ደግሞ ያባብሰዋል።

ይህኛው የሚመርጠው ቦታ ከመጀመሪያው የተለየ ነው። አንጓን፣ ጣት ከመዳፍ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ (ቡጢ ስንጨብጥ የሚጎብጠውን ማለቴ ነው) እና የጣቱን መካከለኛ መገጣጠሚያ ይይዛል፤ ጥፍር አጠገብ ያለውን አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። ግራውም ቀኙም እኩል ይታመማል። እብጠቱ ሲነካ እንደ አጥንት ደረቅ ሳይሆን እንደ ሊጥ ለስለስ ይላል። ዓመታት አልፈው ካልታከመ ጣቶቹ ሁሉ ወደ ትንሿ ጣት በኩል ያዘነብላሉ። አንጓው ላይ ደግሞ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ አለ፦ ጣት የሚዘረጉት ጅማቶች በተበላው አጥንት ላይ ሲፋተጉ ይሳሱና አንድ ቀን ብጥስ ይላሉ። ሕመምተኛዋ ማታ ደህና ተኝታ ጠዋት ትንሿን ጣት መዘርጋት ያቅታታል። ብዙ ጊዜ አያምም። ስለማያም ደግሞ ማንም አይሮጥም። ከትንሿ ቀጥሎ የቀለበቱ ጣት ይከተላል። ዋርድ ላይ እንዲህ ያለ ታካሚ ካጋጠማችሁ ለሚቀጥለው ቀጠሮ የሚተው ሳይሆን በቶሎ ለአጥንት ቀዶ ሐኪም የሚነገር ነገር ነው።

አንዷ ጥያቄ

አስተማሪያችን ሁለተኛ ዓመት ላይ ያስተማሩን፣ እኔም ለእቴቴ ዘግይቼ የጠየቅኋት አንዲት ጥያቄ አለች፦ «ጠዋት ስትነሺ እጅሽ እስኪፍታታ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብሻል?» በኦስቲዮአርትራይተስ የጠዋቱ መተሳሰር ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ ሕመሙም ሲሠሩበት ይብሳል፣ ሲያርፉ ይቀላል። በሩማቶይድ ግን አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆያል፣ እንዲያውም ዕረፍት ያብሰዋል፣ እንቅስቃሴ ያላላዋል። እቴቴ «ረፋድ ላይ ይለቀኛል» ነበር ያለችኝ። መልሱን ሳልጠይቃት ነግራኝ ነበር ማለት ነው። እኔ አልሰማኋትም።

ከጥያቄው ቀጥሎ እጅን እንደ ሰላምታ ጨብጦ መዳፉ ጫፍ ላይ፣ ጣቶቹ የሚበቅሉበትን ቦታ ከግራና ከቀኝ ቀስ አድርጎ መጫን ነው። ጤነኛ ሰው ምንም አይለውም፤ ሽፋኑ የተቆጣበት ሰው ፊቱን ያጠቁራል። ከዚያ የደም ምርመራው ይመጣል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሩማቶይድ ፋክተር የሚባለው ምርመራ በሽታው ኖሮ «የለም» ሊል ይችላል፣ በሽታው ሳይኖር ደግሞ በሳንባ ነቀርሳ፣ በጉበት ቫይረስ፣ በልብ ሽፋን ኢንፌክሽንም «አለ» ሊል ይችላል። አንቲ ሲሲፒ የሚባለው ከሱ ይልቅ የታመነ ነው፣ ግን ሁሉም ቦታ አይገኝም፣ ዋጋውም ይከብዳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለችው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ከእጁ በላይ መታመን የለባትም።

የሚያሳስቱ ሌሎችም አሉ። አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትንና የመሃል ጣትን ሌሊት እያደነዘዘ የሚቀሰቅስ፣ ሰውየው እጁን እያራገፈ የሚያስታግሰው ሕመም የነርቭ መጨናነቅ ነው፤ አንጓው ውስጥ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ነርቩ ሲጫን ይመጣል። (ሩማቶይድም አንጓውን አሳብጦ ይህንኑ ሊያመጣ ስለሚችል ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊገናኙ ይችላሉ።) ሌላው ቺኩንጉንያ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋ ላይ ወረርሽኙ በተነሳ ጊዜ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታሟል። ትኩሳቱ በቀናት ውስጥ ይለቃል፣ የእጅና የአንጓ ሕመሙ ግን በአንዳንዱ ሰው ላይ ወራት፣ አልፎም ዓመት ይቆያል፤ መልኩም ሩማቶይድን ይመስላል። ስለዚህ «ከዚህ በፊት ትኩሳት ነበረህ ወይ? የት ነበርክ?» ብሎ መጠየቅ አይከፋም።

ተአምረኛው ክኒን

ወደ እቴቴ ልመለስ። እኔ «ሪህ ነው» ብያት ወደ ካምፓስ ከተመለስኩ በኋላ አንዲት ደንበኛዋ «ለኔ የሠራልኝ» ብላ የክኒን ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ሰጠቻት። እቴቴ ሄዳ ገዛች፣ ያለ ማዘዣ ሸጡላት። በሦስተኛው ቀን እጇ ተፈታ! ስልክ ደውላ «ተአምር ነው ልጄ» ስትለኝ እኔም ደስ አለኝ፣ ምን ዓይነት ክኒን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅኋትም። አሥር ወር ሙሉ ዋጠችው። ፊቷ ሞላ፣ ጉንጯ ቀላ፣ የሰፈሩ ሰው «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ይላት ጀመር። ከዚያ ውሃ ጥም በዛባት፣ ሌሊት ለሽንት አራት አምስት ጊዜ መነሳት መጣ። ጤና ጣቢያ ስትመረመር ስኳሯ ከፍ ብሎ ተገኘ። ክኒኑ ፕሬድኒሶሎን ነበር።

የዚህ መድኃኒት ታሪክ ራሱ የእቴቴን ታሪክ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1948 ሄንች የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በማዮ ክሊኒክ በሩማቶይድ አልጋ ላይ ለወደቀች የ29 ዓመት ሴት ኮርቲዞን አስወጋ፤ በቀናት ውስጥ ተነስታ ሄደች። ዓለም ጉድ አለ፣ በ1950 ሄንችና ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ኖቤል ተሸለሙ። ብዙም ሳይቆይ ግን የፊት ማበጥ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአጥንት መሳሳት፣ የኢንፌክሽን ጣጣው ተከተለ። ዛሬም ስቴሮይድ በሐኪም እጅ፣ በአነስተኛ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ ሲሰጥ ጥሩ መሸጋገሪያ ነው። በራስ ፈቃድ ለወራት ሲወሰድ ግን እሳቱን ሳያጠፋ ጭሱን የሚደብቅ ነው። አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፦ ለወራት የወሰደው ሰው «ጎጂ ነው» ሲባል ደንግጦ በአንድ ቀን ቢያቋርጠው ሰውነቱ የራሱን ሆርሞን መሥራት ስላቆመ ራሱን ስቶ እስከ መውደቅ ሊደርስ ይችላል። ቀስ በቀስ በሐኪም ትእዛዝ ነው የሚቀነሰው። እቴቴን «ነገውኑ ጣዪው» ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር፤ እድሜ ለአስተማሪዬ፣ መጀመሪያ እሳቸውን ደወልኩላቸው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ለኦስቲዮአርትራይተስ የሚያድን መድኃኒት የለም፣ የሚያስታግስ ግን አለ። ክኒን ከመዋጥ በፊት ዲክሎፌናክ ጄል እጁ ላይ መቀባት ጥሩ መጀመሪያ ነው፤ የእጅ መገጣጠሚያ ከቆዳ ሥር ቅርብ ስለሆነ ይደርሰዋል፣ ጨጓራና ኩላሊትንም እንደ ክኒኑ አይጎዳም። ለአውራ ጣት ሥር ሕመም ደጋፊ ማሰሪያ ይረዳል። ሁሉም እምቢ ሲል ቀዶ ሕክምና አለ።

ለሩማቶይድ ግን ማስታገሻ ብቻውን አይበቃም። በሽታውን የሚገታ መድኃኒት ያስፈልጋል፣ እሱም ቶሎ፤ ቢቻል ሕመሙ በጀመረ በሦስት ወር ውስጥ። አጥንት አንዴ ከተበላ አይመለስም። ዋነኛው ሜቶትሬክሴት ነው። ይህ መድኃኒት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። ደግሜ ልጻፈው፦ በሳምንት አንድ ቀን። በስህተት በየቀኑ የወሰደ ሰው የአንጓው ሕመም ሳይሆን የመቅኔው መድረቅ ነው የሚገድለው። እኛ ነርሶች መድኃኒት ስናስረዳ «በሳምንት አንዴ» ብለን ማለፍ የለብንም፤ ቀኑን ከሰውየው ጋር መርጠን፣ ስሙን ጠርተን፣ ካርዱ ላይ ጽፈን ነው መስጠት ያለብን። ለእቴቴ እሑድ ተመረጠላት፣ «ከቅዳሴ ስመለስ» ብላ በራሷ መንገድ ያዘችው። ፎሊክ አሲድ በሌላ ቀን ይጨመራል፣ የአፍ ቁስልና ማቅለሽለሹን ይቀንሳል። ጉበትና የደም ሴል በየጊዜው ይታያል፣ አልኮል ይቀነሳል፣ የምታረግዝ ሴት ፈጽሞ አትወስደውም። ለውጡ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ስለሚፈጅ ብዙ ሰው «አልሠራልኝም» ብሎ የሚያቋርጠው ልክ ሊሠራ ሲል ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ሰልፋሳላዚንም አሉ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና መድኃኒት ነው ተብሎ ሰው ሲሻማበት በየአገሩ ለነዚህ ሕመምተኞች መጥፋቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ባዮሎጂክ የሚባሉት አዳዲሶቹ መርፌዎች ኃይለኛ ናቸው፣ ግን ውድ ናቸው፤ የተኛ የሳንባ ነቀርሳንም ስለሚቀሰቅሱ አስቀድሞ ምርመራ ይፈልጋሉ።

ወጌሻ ቤትና ፍልውሃን በተመለከተ የራሴን ልበል። ሙቅ ውሃ የተሳሰረ እጅን ያፍታታል፣ ይሄ እውነት ነው፣ ፊዚዮቴራፒ ክፍልም ሙቀት ይጠቀማል። በሽታውን ግን አይነካውም። ትኩስና ያበጠ መገጣጠሚያን አጥብቆ ማሸት ደግሞ ጉዳት ነው። እቴቴ ጠበሏን አላቆመችም፣ አቁሚ ያላትም የለም፤ መድኃኒቷንም አልተወችም።

ከመድኃኒቱ ቀጥሎ ያለው ሥራ የእጅ አያያዝ ነው። እንደኔ እንደኔ ነርስ ትልቁን ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ አገር በ490 የሩማቶይድ ሕመምተኞች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ለእጃቸው የማጠንከሪያና የመዘርጊያ እንቅስቃሴ የሠሩት ሰዎች ካልሠሩት የተሻለ እጃቸውን መጠቀም እንደቻሉ አሳይቷል። እንቅስቃሴው ውድ ዕቃ አይጠይቅም፦ ጣትን መዘርጋትና ቀስ ብሎ ቡጢ ማድረግ፣ አውራ ጣትን በየተራ ከእያንዳንዱ ጣት ጫፍ ጋር ማገናኘት፣ አንጓን ወደ ላይና ወደ ታች ማጠፍ፣ ለስላሳ ስፖንጅ መጭመቅ። እጁ ትኩስና ያበጠ ከሆነ ግን መጭመቁ ይቆይ።

ሥራውን በተመለከተ ከእቴቴ ጋር ማድ ቤት ቁጭ ብለን ነው አንድ በአንድ ያየነው። ትልቁ መርህ ሸክሙን ከትንሽ መገጣጠሚያ ወደ ትልቅ ማሸጋገር ነው። ጀሪካን በጣት አይንጠለጠልም፤ በግማሽ ተሞልቶ በሁለት ክንድ ታቅፎ ይነሳል። ልብስ በእጅ አይጠመዘዝም፤ የቧንቧ አንገት ላይ ተጠቅልሎ ይጨመቃል፣ ወይ እንደረጠበ ይሰጣል። የቢላው እጀታ በጨርቅ ተጠቅልሎ ወፈር ይላል፣ ምክንያቱም ቀጭን እጀታ አጥብቆ መጨበጥን ይፈልጋል። የማሰሮ ክዳን በጣት ሳይሆን በመዳፍ ይከፈታል። ያስቸገረን እንጀራው ነበር። ሊጡን የምታሰፋበት ጣሳ ሲሞላ ይከብዳል፣ አንጓዋም እያዞረ የሚሠራው እሱ ነው። አነስ ያለ፣ ጆሮ ያለው ጆግ ገዛንላትና ለአንድ እንጀራ ሁለት ጊዜ እየቀዳች ማፍሰስ ጀመረች። መጀመሪያ «ዓይኑ ይበላሻል» ብላ ተቆጥታ ነበር። ሁለት ቀን እንጀራው ተዥጎረጎረ፣ በሦስተኛው ቀን ለመደችው። አክንባሎውን አሁን የምታነሳው ልጇ ናት።

ሕክምናው ከተጀመረ ስምንተኛ ወሯ ነው። ስኳሯ ፕሬድኒሶሎኑ እየቀነሰ ሲሄድ ወርዷል፣ ክትትሉ ግን ቀጥሏል። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ያለ ሕክምና ባሳለፈችው ጊዜ እንደተጣመሙ ቀርተዋል፣ እነሱ አይመለሱም። ባለፈው እሑድ ደውዬላት «መድኃኒቱን ወሰድሽ?» አልኳት፣ ወስጃለሁ አለች። «ጠዋትስ፣ እጅሽ እስኪፍታታ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ቡናው እስኪፈላ» አለችኝ።